አላውቀውም ብዬ አልፈርምም

«የወንድሜ ሚስት እኮ ያልተማረች ሴት ናት፤ ሳሙን ከሰሊጡ አትለይም» የሚለው ቃል ቡንሬ ጆሮ ውስጥ ጥልቅ ያለው ሩዙን ልታወርድ ጓዳ እንደገባች ነበር። የተናጋሪው ድምፅ የማንሶክ፣ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ድምፅ ነው። ደጅ ቆሞ፣ ስልኩን በመዳፉ ከልሎ፣ እንደ ሹክሹክታ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ነገር ግን የሸማ ሱቋና የጓዳዋ ግድግዳ አንድ ቀጭን ጣውላ ስለሆነ ሹክሹክታም ጩኸትም እኩል ይሰማል። ቡንሬ ድስቱን እንደያዘች ቆመች። ሳም ማለት ግንዱ ቃጫ፣ ፍሬው ዘይት፣ አበባው ደግሞ ሰው ሐሺሽ የሚለው ተክል ነው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የዚህን ተክል ልጥ በጥርሷ ስትሰነጥቅ፣ ጫፍና ጫፉን በምራቋ እያረጠበች ጭኗ ላይ ስታፈትል ኖራ አሁን ሃምሳ ስምንት ሞልቷታል። አንዶንግ ገበያ ውስጥ «ሳሟ ቡንሬ» ካላሉ ማንም ቤቷን አያሳይም። ወጥታ ልትናገረው አሰበችና ተወችው። ሩዙን አቀረበች፣ የባቄላ ቡቃያ ሾርባውን ቀዳች፣ ከጨው ዓሣው ሆዱን፣ ሥቡን ቆርጣ ማንሶክ ፊት አኖረችለት። እሱም ገብቶ ተቀመጠና «እትዬ፣ ዓሣው ዛሬ ጣፍጧል» አላት። ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰው ነበር፣ እሷ፣ እሱና አሮጊቷ አማቷ፣ የእሱ እናት።

ነገሩ የጀመረው ከዐሥር ቀን በፊት ከመርማሪ ቢሮ በመጣ ደብዳቤ ነው። የቡንሬ ልጅ ሄጆንግ ባሕር ማዶ፣ ኦሳካ ከተማ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች። ወር በገባ ቁጥር ለአያቷ አንዳች ነገር ሳትልክ አትቀርም፤ አንዴ ካልሲ፣ አንዴ የትኩሳት መለኪያ። በዚህ ወር «ለአያቴ ጣቶች አንድ ነገር ልኬያለሁ» ብላ ደወለች፤ ምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ቡንሬም አልጠየቀችም። የላከችው አውራ ጣት የምታክል የዘይት ብልቃጥ ነበረች። ኦሳካ ፋርማሲ ውስጥ ከሳል ሽሮፕ ጎን ተደርድራ በደረሰኝ የምትሸጥ ናት፤ ከሳም አበባ ተጨምቃ የምትወጣውን ሲቢዲ የሚሉትን ነገር የያዘች፣ ሰው የማታሰክር፣ ሕመም ታስታግሣለች የሚሏት። እዚህ አገር ግን የሳም ግንድ ይፈቀዳል፣ ሥሩ ይፈቀዳል፣ ፍሬው ይፈቀዳል፤ ከአበባውና ከቅጠሉ የወጣ ነገር፣ አሰከረም አላሰከረም፣ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ይታያል። ጥቅሉ ጉምሩክ ላይ ተያዘ፤ የተቀባይ ስም ቡንሬ ተብሎ ስለተጻፈበትም፣ ዛሬ ከቀትር በፊት ዴጉ ከተማ ሄደሽ ቃልሽን ስጪ ተብላለች።

ማንሶክ ነገሩን ሲሰማ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም። እሱ ከከተማው ዳር ያለ ትልቅ የመስታወት ቤት ዘበኛ ነው። እዚያ ውስጥ አንድ ኩባንያ በልዩ ፈቃድ ሳም ያበቅላል፤ ለግንዱ ብሎ ሳይሆን ለአበባው። በየረድፉ ካሜራ ተሰቅሏል፣ ቅጠል የረገፈ እንደሆነ ተቆጥሮ ይመዘገባል፣ የሚወጣውም ያው ኦሳካ የሚሸጠው ዓይነት ዘይት ነው፤ ባሕር ማዶ ይላካል። ማንሶክ በመስከረም ውሉ ይታደስለታል፤ ሲያድሱለት ደግሞ የቤተሰቡን ነገር ይጠይቃሉ። ስለዚህ ሰው በሰው ሄዶ፣ መርማሪውን የሚያውቅ ሰው አግኝቶ፣ ነገሩን አስጨርሷል፤ እንደሱ አባባል። አንድ ወረቀት ተዘጋጅቷል። ቡንሬ «ያልተማርኩ ነኝ፣ ይህን ተክል አላውቀውም» በሚለው ሥር ትፈርማለች፣ በማስጠንቀቂያ ይዘጋል። ለቡንሬም ቢሆን ይሻላታል ባይ ነው። በአደንዛዥ ዕፅ የተቀጣ ሰው ሳም የመዝራት ፈቃዱን ይነጠቃልና፣ ነገሩ ከከፋ ያቺ ከወንዙ ማዶ ያለች ቁራጭ መሬቷ ሳም አታበቅልም፤ ሳም ከሌለ ሸማ የለም፤ ሸማ ከሌለ ሱቁ ምን ይሸጣል?

ቀኑ ደግሞ እንደማንኛውም ቀን አልነበረም። በጨረቃ አቆጣጠር በየሁለት ሦስት ዓመቱ አንዴ የምትጨመረው ትርፍ ወር ገብታለች፤ መናፍስት የማያዩዋት ወር ናት ስለሚባል ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ የመግነዝ ልብሱን የሚያሰፋው በእሷ ነው። የሳም መግነዝ ወግ አለው። ክሩ አይቋጠርም፣ ሟቹ መንገድ ላይ እንዳይታሠር። መርፌ ወደ ኋላ አይመለስም። በተጀመረበት ቀን ፀሐይ ሳትገባ ያልቃል እንጂ አያድርም። ዛሬ ቡንሬ የምትሰፋው ደግሞ የደንበኛ አልነበረም፤ የአማቷ ነው። የዘጠና አንድ ዓመቷ አሮጊት በትውልድ መንደሯ ስም «የጊራኗ» ትባላለች፤ ካገባች ጀምሮ በሌላ ስም የጠራት የለም። በመጋቢት ወር «እኔ ባፈተልኩት፣ አንቺ በሸመንሽው ስፊልኝ» ብላ ቀኑን በራሷ አፍ ቆርጣለች። የቻይናው መግነዝ ገበያው ውስጥ በሦስት መቶ ሺህ ዎን ይገኛል፤ የዚህ ቤት ሸማ ግን ለአንድ ሰው ልብስ ብቻ ዐሥር እጥፍ ያወጣል፤ ያም ሆኖ ቡንሬ ይህን ጥቅልል ስድስት ዓመት ሙሉ ለማንም አልሸጠችውም። ቀጠሮው ከዚሁ ቀን ጋር ቢጋጭባትም የአሮጊቷን ቀን አልለወጠችም። ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ቆርጣ፣ ቀሚሱን ጨርሳ፣ ሰፊውን ካባ ጀምራ፣ መርፌዋን ደረቱ ላይ እንደሰካች ተወችው።

የጊራኗ እንደ ዝንጅብል ሥር የተቆላለፉ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አኑራ፣ ምራቷ ጫማ ስታደርግ አየቻትና «ፀሐይ ሳትገባ ተመለሺ» ብቻ አለቻት።

በማንሶክ አሮጌ መኪና ሄዱ። አንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ አስፋልቱን ማትነን ጀምሯል። ከከተማው ሲወጡ በመስታወቱ ቤት በኩል አለፉ። ማንሶክ ሳያስበው ትከሻውን ቀና አደረገ፣ በር ላይ ያለውን ባልደረባውን በእጁ ሰላም አለ። ቡንሬ በመስታወቱ ውስጥ አረንጓዴውን ተመለከተች። አጭር ነው፣ ቅርንጫፉ የበዛ፣ እሷ ብትሆን ገና በቡቃያው ነቅላ የምትጥለው ዓይነት። የእሷ ሳም የሁለት ሰው ቁመት ያለው፣ እንደ ሸምበቆ ቀጥ ያለ ነው። በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ ላይ ታጭደዋለች፤ በታጨደ ማግሥት ከማዘጋጃ ቤት አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ይመጣል። ቅጠሉንና አበባውን አንድ ሳይቀር ጉድጓድ ውስጥ ትከታለች፣ አፈር ታለብሳለች፣ ሰውየው አፍንጫውን ይዞ ፎቶ ያነሳል፣ ትፈርማለች። ሠላሳ አራት ዓመት እንዲህ ቀብራለች። ሰዎቹ ተለዋውጠዋል፤ ሽበታሙ ጡረታ ወጥቶ ልጅ እግሩ መጥቷል፤ ጉድጓዱና እሷ ግን እዚያው ናቸው። ይህን ሁሉ ለማንሶክ ልትነግረው ትችል ነበር፤ ግን ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ እሱም ከእናቱ ጋር ጉድጓድ ቆፍሯል።

መንገድ ላይ ቆመው ቤንዚን ሲቀዱ፣ በወረቀት ከረጢት ለውዝ የገባባቸው ትኩስ ቂጣዎች ገዛላት። ሁለት ሺህ ዎን የነበረው አራት ሺህ ገባ ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ መሪውን ይዞ፣ ፊት ለፊት እያየ፣

«እትዬ፣ አንድ ቃል እኮ ናት። አላውቅም ማለት ምን ይከብዳል?» አላት።

«ላላወቀማ ምን ይከብደዋል» አለችው። ቂጣውን አልበላችውም፤ ለአማቷ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መርማሪው ፕዮ የሚባል፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ወጣት ነበር። ክፍሉ ከማቀዝቀዣው የተነሣ ያንቀጠቅጣል። ጠረጴዛው ላይ የሄጆንግ ካርቶን በንጹሕ ላስቲክ ታሽጎ ተቀምጧል። ቡንሬ የልጇን የእጅ ጽሑፍ ለየችው፤ ትልልቅ፣ የተስተካከለ፣ ሰው የማይፈራ ጽሑፍ ነው። ወጣቱ ክፉ ልጅ አልነበረም። «እናቴ» እያለ ነው የሚያናግራት፣ ገብስ ሻይ በወረቀት ኩባያ አስመጣላት፣ ከዚህ በፊትም እንዲህ ያለ ጥቅል እንደመጣና ሰዎቹ ምንም እንዳልሆኑ ነገራት። ከዚያ የተዘጋጀውን ወረቀት አውጥቶ ፈጠን ፈጠን እያለ አነበበላትና የምትፈርምበትን ቦታ በጣቱ አሳያት። ቡንሬ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችው። ራሷ ልታነበው ትፈልጋለች። አራተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረችው፤ ፊደል ብታውቅም ሲፈጥን ያመልጣታል፤ ስለዚህ ጣቷን በየቃሉ ሥር እያስኬደች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ወጣቱ ሰዓቱን አየ። «የተባለው ተክል ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ባየውም ልለየው አልችልም» የሚለው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ሁለተኛ አነበበችው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋድማ አስቀመጠችው።

«ይህን ማነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ እናቴ። እንዲቀልዎት ብዬ ነው። ቤተሰብዎም እንደዚሁ ነው የነገሩኝ።»

ቡንሬ ቦርሳዋን ከፈተች። ከቂጣው ከረጢት ሥር፣ ከአውቶቡስ ካርዷ ጀርባ፣ ጠርዙ የተላጠ ትንሽ ካርድ አወጣች። የሳም ዘር ፈቃዷ ነው፤ በየዓመቱ የምታድሰው፣ ማኅተም ያለበት። ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ወጣቱ ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ የተዘጋውን በር አየ። ካርዱን በሁለት ጣቱ ወደ እሷ መልሶ ገፋው።

«እናቴ፣ ይህን ቦርሳዎ ውስጥ ይመልሱት። እኔም አላየሁትም። ፈቃድ ያለው ሰው በእጁ የአበባ ዘይት ተገኘ ከተባለ ማስጠንቀቂያ አይበቃም፤ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይወጣል። ያ ሰው ካልወደደው ፈቃዱ ራሱ ይሄዳል። ያልተማሩ ሴት ናቸው ካልን ግን ዛሬውኑ ያልቃል።»

«አንተ ልጅ፣ ይህችን ሸማ ዳስሳት» አለችውና የለበሰችውን ሰማያዊ እጅጌ ዘረጋችለት። ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገ። ዘሯን ራሷ እንደዘራችው፣ ራሷ እንዳጨደችው፣ በእንፋሎት ቀቅላ እንደላጠችው፣ አንዱን ልጥ ከፀጉር እስኪቀጥን በጥፍሯ እንደሰነጠቀችው፣ ለአንድ ጥቅልል ክረምቱን ሙሉ እንደምትቀመጥ ነገረችው። ድምፅዋ አልተነሣም፤ ሸማ እንደምትለካ ሆና ነው የተናገረችው። ከዚያ ሕጉን ነገረችው። ግንዱን፣ ሥሩን፣ ፍሬውን፤ ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይቀበራል፣ ማን ቆሞ ያያል፣ በስንተኛው ቀን። ወጣቱ አንዱን ነገር ከመጽሐፉ ሊያረጋግጥ ገለጠና እሷ ያለችውን ሆኖ አገኘው። ዘይቱ የአበባ መሆኑን ብታውቅ ኖሮ ልጇን ራሷ «አትላኪ» ትላት እንደነበር ነገረችው፤ ሠላሳ አራት ዓመት አበባ የቀበረች ሴት የአበባ ነገር አይጠፋትም። ያላወቀችው አንድ ነገር ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ። «እሱን አላውቅም ብለህ ጻፍ፣ እፈርማለሁ። ሳምን አላውቅም ብዬ ግን አልፈርምም። ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም። አላውቀውም ካልኩ ሃምሳ ዓመት የት ነበርኩ?»

ቡንሬ ካርቶኑን በአገጯ አሳየችው። ላዩ ላይ ሄጆንግ በገዛ እጇ፣ ከነአድራሻዋ፣ «የሳም ዘይት፣ ለአያቴ ጣቶች» ብላ ጽፋለች። የሳም ቤት ልጅ ናት፤ ይህ ቃል ቤታቸው በር ላይ ተሰቅሎ ነው ያደገችው፤ ሊደበቅ የሚገባው ቃል መሆኑ እንዴት ይታሰባት? «ሌባ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል?» አለችው። ፕዮ ሳቁ አመለጠውና በእጁ ጀርባ አፉን ሸፈነ። ከዚያ የፊተኛውን ወረቀት ለሁለት አጠፈው፣ ከመሳቢያው ባዶ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ምን እንደሚከተልም እንደገና አስረዳት፤ መልሱ እስከ አንድ ወር እንደሚቆይ፣ እሱ ምንም ሊምልላት እንደማይችል፣ ልጇም ለበዓል ስትመጣ እንደምትጠየቅ። «ገብቶኛል» አለችው። ደረሰኙ በልጇ እጅ እንዳለም ነገረችው።

አንድ ሰዓት ከሩብ ጻፈች። ፊደሎቿ እንደ ስፌቷ ትንንሽና ጥብቅ ናቸው፤ ስትሳሳት አትሰርዝም፣ ቆም ብላ አስባ ነው የምትቀጥለው። መጨረሻ አካባቢ አንዲት መስመር ላይ ብዙ ቆየች፤ ወጣቱ የጠፋት ፊደል መስሎት ሊረዳት ሲያጎነብስ በክንዷ ከለለችው። ስትጨርስ ስሟ የተቀረጸበትን ማኅተም ከቦርሳዋ አውጥታ መታች። ወጣቱ አንብቦ፣ ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት። በር ድረስ ሲሸኛት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሴት አያቱ ባለፈው ዓመት በተገዛ መግነዝ ውስጥ መቀበሯን፣ የአንዶንግ ሸማ ነው ተብለው አምስት ሚሊዮን ዎን መክፈላቸውን፣ ሲዳስሰው ግን እንደዚህኛው እንዳልነበረ ነገራት። ቡንሬ ጥቂት አሰበች። «ከየትም ይምጣ፣ ያለበሳት እጅ የልጅ ልጇ ከሆነ ሞቋታል» አለችውና ወጣች።

ማንሶክ ኮሪደሩ ላይ ካንዱ ወንበር ወደ ሌላው ሲቀያየር ነው የቆየው። ገና ሲያያት ተነሣ።

«ፈረሙ?»

«ፈረምኩ።»

ትንፋሹን ለቀቀ፣ ፊቱም ፈካ።

«በራሴ ወረቀት ላይ» አለችው ቀጥላ፣ ያለውንም አንድ ሳታስቀር ነገረችው፤ ካርዱን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ የአንድ ወሩን ነገር። መኪናው ዘንድ ሲደርሱ ማንሶክ ቁልፉን ሁለቴ ሊያስገባ ሞክሮ ሁለቴ ሳተው። በመስከረም ሲጠይቁት ምን እንደሚል፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላውን ዘበኛ ማን እንደሚቀጥር፣ የወንድሙ ሚስት ለራሷ ክብር ስትል የሰው ጉሮሮ እንደዘጋች ተናገረ። ቡንሬ ቀበቶዋን አሠረች።

«ሲጠይቁህ አላውቃትም በልና ፈርም» አለችው። «ጠዋት በስልክ ‹ሳሙን ከሰሊጡ አትለይም› እንዳልከው።»

አንዶንግ መግቢያ ላይ የመስታወቱ ቤት ጋ ሲያልፉ ማንሶክ እጁን ከመሪው አላነሣም፤ በር ላይ ያለው ባልደረባው እጁን አንሥቶ እንዲሁ ቀረ።

ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ፀሐይዋ ከገበያው የቆርቆሮ ጣሪያ በላይ ሁለት ክንድ ያህል ናት። ቡንሬ ጫማዋን እንኳ አስተካክላ ሳታወልቅ እጇን ታጠበችና መርፌዋን ከካባው ደረት ላይ ነቀለች። የጊራኗ ጠዋት የተቀመጠችበት ቦታ ተቀምጣለች፤ ቡንሬ ቂጣውን ብትሰጣት ቆርሳ ጎኗ አኖረችው። ካባው ሰፊ ነው፣ አንዱ ጫፍ ካልተያዘ ይሸበሸባል። ሁልጊዜ የምትይዝላት ክር ሻጯ ጎረቤቷ ነበረች፤ ዛሬ የራሷ ደንበኛ አልለቀቃትም። ቡንሬ ጫፉን በእግር ጣቷ ልትይዝ ስትሞክር ማንሶክ ከበሩ ላይ አያት። ለመሄድ ቆሞ ነበር። ኮቱን አውልቆ ሰቀለ፣ ወደ ባልዲው ሄዶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ መጥቶ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ የካባውን ጫፍ ያዘ። ልጅ ሳለ ለእናቱ እንዲህ ይይዝ ነበር፤ መቼ ማጥበቅ መቼ ማላላት እንዳለበት ማንም አልነገረውም። ክሩ ባለቀ ቁጥር አዲሱን ጫፍ ከአሮጌው ጋር በጣቷ አፍትላ ታያይዘዋለች፤ አንድ ቋጠሮ የለም። ብርሃኑ ከደጃፉ ወደ መደርደሪያው፣ ከመደርደሪያው ወደ ግድግዳው ወጣ። ግድግዳው ላይ እጅ የምታክል ቢጫ ብርሃን ስትቀር ቡንሬ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ማንሶክ ጫፉን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አሳረፈው።

አሮጊቷ ካባውን ወደ ጭኗ ሳበችው። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ የምታየው በእነዚያ በተቆላለፉ ጣቶች ነው። ስፌቱን ከአንገቱ ጀምራ ወረደችበት፣ በጎኑ ተመለሰች፣ የትም ሳትቆም።

«እንዲያው ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አለች በመጨረሻ፣ ጣቷን ከሸማው ላይ ሳታነሣ።

«አውቀዋለሁ ብዬ።»

«ማን አስተማረሽ አላሉሽም?»

«ሳይሉኝ ነው የጻፍኩት። ሽመናውን ያስተማረችኝ የባሌ እናት ናም ፒልሱን ናት፣ አንዶንግ ውስጥ ከእሷ የሚበልጥ እጅ የለም ብዬ።»

የአሮጊቷ ጣቶች ቆሙ። ማንሶክም ቀና አለ፤ የእናቱን ስም ከመታወቂያዋ ላይ አንብቦ ያውቃል እንጂ ከሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም። ውጭ ዓሣ ሻጩ የቀረውን በግማሽ ዋጋ ይጠራል።

«በመንግሥት ወረቀት ላይ?»

«ከነማኅተሙ እማማ። ያ ልጅ እያነበበው ዓይኔ እያየ።»

የጊራኗ ካባውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው። ሰፊው እጅጌ እጆቿን ዋጣቸው። እንደ ፎቶ ተነሺ ወገቧን ቀጥ አድርጋ ተቀመጠች፣ አገጯን ቀና አደረገች።

«እስቲ ድገሚው» አለች።

ቡንሬ ደገመችው፤ በጣውላው ግድግዳ አልፎ ገበያው እስኪሰማ ድረስ።